ስድስት የአይረን ክኒኖች

«እዚህ ከመምጣቷ በፊት የወሰደችው መድኃኒት አለ?» ሲሉ የጤና መኮንኑ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ጠየቁ።

«ኧረ ምንም! ከውሃና ከአጥሚት በቀር የቀመሰችው የለም» አለች ፈትያ፣ በሻሿ ጫፍ የልጇን ግንባር እየጠረገች።

ትልቋ ልጇ ሰሊማ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

አልጋው ላይ የተኛችው የሰባት ዓመቷ እህቷ ሰልሰቢል ናት። አዲ አርቃይ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ፣ ገና ሊማሊሞን ሽቅብ ሲወጡ መኪናው ውስጥ ማተኮስ ጀምሯት ነበር። ደባርቅ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። ፈትያ የመንገድ ድካም መሰላት። የጨርቅ ሱቋን ዘግታ መዋል ስላልቻለችም ማስታመሙ ለሰሊማ ወደቀ።

ሰሊማ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከትምህርት ሁሉ ባዮሎጂ ይቀናታል። በዚያው ሳምንት መምህር ቴዎፍሎስ ስለ ደም አስተምረዋቸው ነበር። ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢን አለ፤ በሄሞግሎቢኑ ውስጥ ሂም የሚባል ነገር አለ፤ በሂሙ መሃል ደግሞ አንዲት የብረት ቅንጣት ተቀምጣለች፤ ኦክስጅኑን የምትይዘው እሷ ናት። ብረት ያነሰው ሰው ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ይህን በጥሞና ጽፋለች። ትምህርቱ ሁለት ፔሬድ ነበር። የመጀመሪያው ፔሬድ ማብቂያ ደወል ሲደወል ግን ጓደኛዋ መስከረም እጇን ጎተተቻት። «ነይ አቦ እንፎርፍ! የቀረውን ከደብተር እንገለብጣለን።» ወጡ፤ ሁለቱም ሳይገለብጡት ቀሩ።

እና የሰልሰቢልን የነጣ ከንፈር ስታይ ሰሊማ በልቧ «ደም አንሷት ነው» አለች። መድኃኒቱም በእጇ ነበር። ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ለሴት ተማሪዎች የአይረን፣ ማለትም የብረት፣ ክኒን ይታደላል። እሷን ስለሚያቅለሸልሻት «ዋጥኩ» እያለች ቦርሳዋ ውስጥ ትሸጉጠው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ለእህቷ ሰጠቻት። ለእናቷ አልነገረችም። ብትነግራት ክኒኖቹ ከየት መጡ መባሉ አይቀርም። ደግሞ እህቷ ድና ስትነሳ «እኔ ነኝ ያዳንኳት» ልትል ጓጉታ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰልሰቢል ጭንቅላቷን ማንሳት አቃታት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ምርመራው ታይፎይድ ሆነ።

«ሰገራዋስ እንዴት ነው?» አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ።

ፈትያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከትናንት ጀምሮ እንደ ከሰል ጠቁሯል።»

የሰውየው ፊት ተለወጠ። «ታይፎይድ አንዳንዴ አንጀት ያደማል። ውስጧ እየደማ ከሆነ እዚህ አንችላትም፤ ጎንደር መሄድ አለባት። ኦፕራሲዮንም ሊያስፈልግ ይችላል። አምቡላንስ ልጥራ» ብለው ስልካቸውን ይዘው ወጡ።

«ያ አላህ!» አለች ፈትያና ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ሰሊማ አንድ ነገር ትዝ አላት። ክኒኑን የሚያድሉት ነርስ «ሰገራችሁ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ ከአይረኑ ነው» ይሏቸው ነበር። እናቷን አየች፤ እህቷን አየች። ከዚያ በሩን ገፍታ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ዶክተር! ይቆዩ! ደም ላይሆን ይችላል። እኔ… አይረን ሰጥቻታለሁ።»

ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ስንት?»

«ስድስት። በሦስት ቀን።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተመልሰው የሰልሰቢልን ሆድ በጥንቃቄ ዳሰሱ፤ ደሟና ሰገራዋ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። እስከ ከሰዓት ድረስ የመድማት ምልክት አልተገኘም። አምቡላንሱ ቀረ፤ ሰልሰቢል እዚያው መርፌዋን እየተወጋች እንድትተኛ ተወሰነ።

ማምሻውን አቶ ሰይፈ ሥላሴ ሰሊማን አግዳሚው ላይ አስቀመጧት።

«ብረት የሚፈልገው የኛ ደም ብቻ አይደለም። ባክቴሪያም ያለ ብረት መራባት አይችልም። አንዳንዱማ ቀይ የደም ህዋስ ሲፈርስ ጠብቆ ሂሙን ከነብረቱ ይሰርቃል። ስለዚህ ሰውነታችን ሲታመም ብረቱን ከደም ሰብስቦ ይደብቃል፤ ጠላቱን ሊያስርብ ነው። ሰው ሲያተኩሰው በዘፈቀደ አይረን የማይሰጠው ለዚህ ነው። ይህን አልተማራችሁም?»

«ክፍሉ ተምሯል» አለች ሰሊማ። «እኔ ያን ሰዓት አልነበርኩም።» ቀጥላም «የባሰባት በኔ ነው?» አለች።

«አላውቅም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ታይፎይድ ብቻውንም እንዲህ ያደርጋል።»

«አይደለም» እንዲሏት ስትጠብቅ ነበር። አላሏትም።

ፈትያ ሁሉንም ከሰማች በኋላ «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒት መስጫውን ሰዓት ራሷ ጠበቀች፤ ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ። ሰሊማ ምሳ ይዛ ትመጣለች፣ ዕቃ አጥባ ትመለሳለች። ብርጭቆ ውሃ እንኳ ለእህቷ ልታቀብል ስትል እናቷን ቀና ብላ ታያለች።

ሕክምና በጀመረች በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ሰልሰቢል ትራስ ተደግፋ ተቀመጠችና ሾርባዋን እየጠጣች አጠገቧ ለተኙት ሴትዮ ታወራ ጀመር።

«እህቴ መድኃኒት ታውቃለች። እሷ ናት ያዳነችኝ።»

«ማሻአላህ! የታደልሽ!» አሉ ሴትዮዋ ለሰሊማ ፈገግ ብለው።

ፈትያ ሻሽ ታጥፍ ነበር፤ እጇ ቆመ፤ ቀና ግን አላለችም። ሰሊማ ፈገግ ብላ ዝም ብትል ማንም ምንም አይላትም። የሾርባውን ሳህን ከእህቷ እጅ ተቀብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አላዳንኩሽም፣ ሰሉ» አለች። «ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ።»