የደፈረሰው የባትሪ ውሃ

«በዚህ ቱቦ ወተት ጠጥተሃል እንዴ?» አሉ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ ነጭ ሆኖ የደፈረሰውን የመሞከሪያ ቱቦ ከፍ አድርገው።

ተማሪው ሽቦ አፉን ከፈተ። ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው፤ አሁን ደግሞ ይበልጥ የቀጠነ መሰለ። «ኧረ ቲቸር፣ ሦስቴ አጥቤዋለሁ!»

«በቧንቧ ውሃ አጥበህ ሳታደርቀው ነዋ! ሚጢ ከአባቷ የመኪና ባትሪ ሱቅ ያመጣችው የባትሪ ውሃ የተጣራ ነው። ሲልቨር ናይትሬት ሲገባበት ጥርት ብሎ መቅረት ነበረበት።» ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ የብር አዮን ሲደመር የክሎራይድ አዮን፣ ቀስት፣ ነጭ ዝቃጭ። «ናይትሬቱ ተመልካች ነው፤ እጁን አያስገባም። ክሎራይዱ የመጣው ቱቦህ ውስጥ ከቀረው የቧንቧ ውሃ ነው። አምስት ማርክ ተቀንሶብሃል።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚጢ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ክሎራይዱ ከየት እንደመጣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዋ አንድ ነው፦ ከአባቷ ማጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጠርሙስ መሙላት። ማጣሪያው ደግሞ ጠብ… ጠብ… እያለ ሰው ያስረጃል። አንድ ቀን ስልኳ ሲጠራ ቸኩላ ጠርሙሱን ጎኑ ካለው ቧንቧ ሞላችው። ለዛሬ ብቻ ብላ። ይኸው ወር ሞላት።

ትናንት ጎረቤታቸው ባለታክሲው የሞተ ባትሪ ታቅፎ መጥቶ «ውሃህ ነው የገደለው!» ብሎ ሲጮህ፣ አባቷ «በሃያ ዓመት ሥራዬ አትምጣብኝ!» ብለው መለሱለት። እሷ በር ኋላ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

አሁን ብትናገር አባቷ አጭበርባሪ ሊባሉ ነው። ዝም ብትል ደግሞ… ሽቦ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ ጥፋቱን ሊያገኝ፣ እያገላበጠ ያያል።

«ቲቸር…» አለች ሚጢ። «ቱቦው ንጹሕ ነው። ውሃው ነው።»

«ምን? አባትሽ የቧንቧ ውሃ ነው የሚሸጡት?»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አባዬ አያውቅም። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ የሽቦን ማርክ መለሱ።

ከትምህርት ቤት እስከ ሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሁለቴ ተመልሳ ነበር። ስትደርስ አባቷ ባትሪ ላይ አጎንብሰዋል። ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ሳትተነፍስ፣ ቧንቧውንም ወሩንም ነገረቻቸው።

አባቷ የጎማ ጓንታቸውን ጣት በጣት አወለቁ። ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ ደግሞ፣ ጠርሙሱን ቶሎ ትሞላለች፣ ልጄ ቀልጣፋ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት።»