እንግዶች ካላችሁ ብድግ በሉ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እሁድ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው ብዬ እተወው ነበር...

ወደ ሰፈሩ ከገባን ገና ወራችን ነው። ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰው ካላጫወተው እህል የማይወርድለት ዓይነት። እዚያ ግን «እንደምን አደርክ» የሚለው አጥቶ ፊቱ ጠቁሯል። በሄድንባቸው ቤተ ክርስቲያኖች እንኳ ዞር ብሎ ያየን አልነበረም።

«የዛሬው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንግዳ ይወዳሉ አሉ» አለኝ በመንገድ ላይ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሌሎችም። አይለምኑም። አያወሩም። በሩን ብቻ ያያሉ።

«እነዚህ ለምን አይገቡም?»

«ሰው እየጠበቁ ይሆናላ።»

በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ የባሌን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። አለቀቀውም...

«እንኳን ደህና መጡ። ብቻዎን ነዎት?»

ባሌ ሳቀ። «ኧረ ባለቤቴ ይቻት።»

ሰውዬው ወደ እኔ አላየም።

ውስጥ ያሉት ግን ለባሌ የሚሆኑትን አጡ። እየተነሱ አቀፉት። ፊቱ ሲፈካ ሳይ እንባዬ መጣ።

ከተቀመጥን በኋላ ነው ልብ ያልኩት...

ሕፃን የለም። ባልና ሚስት የሚመስል የለም። ሁሉም በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ነው የተቀመጡት።

ከፊታችን ያለችው ሴትዮ እጇን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋለች። የቀለበት ጣቷ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። ቀለበት ግን የለም። ከእሷ ወዲያ ያለውም ሰውዬ... ከእሱ ወዲያ ያለውም...

የባሌን ክንድ ጎተትኩ።

«እንውጣ።»

«ምነው?»

«እንውጣ አልኩህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ካቀፈኝ ስንት ጊዜዬ... እስቲ ትንሽ ታገሺኝ።»

ሰባኪው ፈገግ አለ። «እንግዶች ካላችሁ ብድግ በሉ።»

ባሌ ብድግ አለ። እኔ ወንበሩን ጨብጬ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ቆየ... ቆየ... ከዚያ በአንዴ ጸጥ አለ።

ባሌ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ከእኔ የአንድ ሰው ቦታ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ጠራሁት። አልሰማኝም። እጁን ስነካው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። እየሮጥኩ ወጣሁ።

ባሌ ቤት አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ያንን በር ስደበድብ የከፈተልኝ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። በሩ ላይ የቆመው ባሌ ነበር።

እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። እጁ ያው የማውቀው ሻካራ እጅ ነው። ቀለበቱ ግን የለም።

«እንኳን ደህና መጡ።»

«እኔ ነኝ... ሚስትህ።»

ፈገግታው አልተነቃነቀም። «ብቻዎን ነዎት?»

አዎ ብል እንደሚያስገባኝ ገባኝ። ከገባሁ ደግሞ እኔም እንደምረሳው... ልቤ ግን እግዜር ያውቃል፣ አዎ በይ፣ አዎ በይ ይለኝ ነበር።

«አይደለሁም» አልኩት። «ከባሌ ጋር ነኝ።»

እጄን ለቀቀ። ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞረ።

መንገዱን ተሻገርኩ። ልጅ ያዘለችው ሴት ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ።