ከፊት እሷ፣ ከኋላ ጋሪው

መጀመሪያ የወደደው አንድ «ሃሎ» ነበር።

የሥራ ባልደረባው እጁን በባትሪ አሲድ ተቃጥሎ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ እንዴት እንዳደረ ሊጠይቅ ከጋራዡ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ኦፕሬተር «ሃሎ» ስትል የሚጠይቀው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ሃሎ? ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ፣ እሰማለሁ። እርስዎ ብቻ ይቀጥሉ።»

ሳቀች። ባልደረባው ድኖ ወጣ፤ እሱ ግን መደወሉን አልተወም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የሚፈልጉት?»

«ማንንም። ደህና መሆንዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ በሽተኛ አይደለሁም።»

«እኔ ግን እየሆንኩ ነው።»

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም «ብልጭታ» ይሉታል፤ በሥራው ብቻ ሳይሆን ቶሎ በመቆጣቱና ቶሎ በመብረዱም ጭምር። ሰንብተው በሆስፒታሉ በር ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ነጭ በትሯን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ አያት። ዓይነ ስውር መሆኗን በስልክ አልነገረችውም፤ እሱም መልኳን ጠይቋት አያውቅም። ምን እንደሚል ጨንቆት ተገትሮ ሳለ ቀድማ «ዝም ብለው የቆሙት እርስዎ ነዎት አይደል? በስልክም ትንፋሽዎ እንዲሁ ነው የሚሰማው» አለችው።

ክንዱን ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በእጃቸው አልነበረም፤ ተጋቡ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ»ና «አንቺ» ሆነ። እሱ «ሃሎዬ» ይላታል፤ እሷም እንደ ጋራዡ ሰዎች «ብልጭታ» ትለዋለች።

አሁን የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ሴት ናት ተብለዋል። ከሆስፒታል ይዘዋት የሚመለሱት በብልጭታ አሮጌ መኪና ስለሆነ፣ የሕፃን የመኪና ወንበርና ጋሪ ሊገዙ አንድ ቅዳሜ ወደ ትልቅ የሕፃናት ዕቃ መደብር ሄዱ።

ሻጯ ቀልጣፋ፣ አፏ የማይደክም ልጅ ናት። ከገቡ ጀምሮ የምታወራው ግን ለብልጭታ ብቻ ነበር።

«ወንድሜ፣ ባለቤትህ ምን ዓይነት ከለር ነው የምትወደው?»

«ቆሻሻ የማያሳየውን» አለች ኦፕሬተሯ። «ባለቤቱ እኔው ነኝ። እኔኑ ብትጠይቂኝ እመልሳለሁ።»

ሻጯ ደንግጣ «ይቅርታ እህቴ!» አለች። ከዚያ በኋላ እየጮኸች ታናግራት ጀመር።

«ቀስ በይ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» ብላ ስትስቅ ሻጯም አብራት ሳቀች፤ ነገሩ ቀለል አለ።

የመኪናውን ወንበር ለመምረጥ ብልጭታ ማንንም አልሰማም። እያንዳንዱን እየገለበጠ ቀበቶው የሚያልፍበትን አየ፤ አንዱን «ይንቀጠቀጣል» ብሎ፣ ሌላውን «ላስቲኩ ስስ ነው» ብሎ መለሰ። በመጨረሻ አንዱን ይዞ ወጥቶ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አሰረው፤ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። ፈትቶ ይዞት ሲመለስ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ።

ኦፕሬተሯ ተቀበለችውና ሆዷን ደግፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሻጯ የሰጠቻትን አሻንጉሊት አስቀመጠችበት። በትከሻው ላይ የሚወርዱትን ማሰሪያዎች በጣቶቿ ተከትላ አገናኘች፤ «ቀጭ» እስኪል ገፋች። ከዚያ በማሰሪያውና በአሻንጉሊቱ ትከሻ መሃል ጣቷን ከተተች።

«ላላ» አለችና ሳበችው። «አሁን ደህና ነው። ፊቷ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው አይደል?»

«አዎ። እየነዳሁ ላያት አልችልም ማለት ነው።»

«መንገዱን እያ!»

ብልጭታ ቆሞ ያያታል። ሐሳብ ሲይዛት የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ግንባሯ ላይ ትወርዳለች፣ እሷም በትንፋሿ «እፍ» ብላ ትመልሳታለች። ቀና ሳትል «ምን ታፈጣለህ?» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ነገር መነካካቱን አቆምክ። አንተ የማትነካካው ስታፈጥ ብቻ ነው።»

ጋሪው ላይ ሲደርሱ ኦፕሬተሯ የምትፈልገውን አውቃ ነበር የመጣችው። እጀታው ወዲህም ወዲያም የሚገለበጥ፣ ቀለል ያለ፣ ጎማው ጠንካራ። ሻጯ አንዱን አመጣችላት። እጀታውን የሕፃን እግር ወደሚሆንበት በኩል ገለበጠችው፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ በቀኝ እጇ በትሯን ከፊቷ እያወዛወዘች በግራዋ ጋሪውን ከኋላዋ እየጎተተች በዕቃዎቹ መሃል ሄደች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሚገፋ ነው» አለች ሻጯ።

«ለአንቺ ነው የሚገፋው። እኔ ከገፋሁት ጉድጓዱን መጀመሪያ የምታገኘው ልጄ ናት። ከጎተትኩት በትሬ ያገኘዋል፤ በትሬን ካመለጠው እግሬ አለ። እንደኔ የማታይ ጓደኛ አለችኝ፣ ሁለት ልጆቿን እንዲህ ነው ያሳደገችው።» ወደ ብልጭታ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ብልጭታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ ነው… ግን ጋሪውን እስኪ ሌላ ቀን እንይ።»

ኦፕሬተሯ እጀታውን ለቀቀች። የሰው ድምፅ ስትሰማ የምትውል ሴት ናት፤ «ሌላ ቀን» ውስጥ የተደበቀው «እምቢ» አልጠፋትም። በሰው ፊት ግን ምንም አልወጣትም። ወንበሩን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

ለካ ብልጭታ ቃል ገብቷል። ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ እሷ ሥራ በዋለችበት ቀን እናቱ መጥተው «ልጄ፣ ሕፃኗን ይዛ ብቻዋን መንገድ እንዳትወጣ። እኔ እመጣለሁ፣ አለዚያም አንተ ትኖራለህ። ቃል ግባልኝ» አሉት። እሱም ገባላቸው። እናቱን ማስደሰት ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ እሳቸው የተናገሩት የገዛ ልቡን ነበር።

ያንን ለሚስቱ መንገር አቃተው። ከሥራ ሲወጣ ወደ መደብሩ ብቻውን ተመለሰና ሌላ ጋሪ ገዝቶ መጣ፤ ትልቅ፣ ባለ ጥላ፣ ትራስ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር።

«ሰርፕራይዝ!» አለ በሩን በጀርባው እየገፋ።

ኦፕሬተሯ ፊቷ በርቶ መጣች። ጥላውን ዳበሰች፣ ትራሱን ጨመቀች፣ እጀታው ጋ ደረሰች። ይገለበጥ እንደሆነ ሞከረችው። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ሞከረችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ብልጭታ አየው።

«ይሄን የሚገፋው ማነው?»

«እኔ… እማዬም ትመጣለች…»

«እኔስ?»

ብልጭታ የጋሪውን ጥላ ያስተካክል ጀመር።

«ብልጭታ፣ ቃል የገባህለት ሰው አለ መሰለኝ።»

ነገራት። ሰምታ እስክትጨርስ እጇን ከእጀታው ላይ አላነሳችም።

«በገዛ ልጄ ላይ፣ እኔ በሌለሁበት» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ስንጋባ ክንድህን የያዝኩት ወደ ፈለግኩበት ልሄድ ነው። እንድታስቀምጠኝ አይደለም።»

ቤቱ ዝም አለ። እራት ይቀርባል፣ ይበላል፤ «ደህና እደር»፣ «ደህና እደሪ»። በዚያ ድምፅ ፍቅር የያዘው ሰው፣ ድምፁ ሲነፈገው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሽቦ አሳስቶ ቀጥሎ የአንዱን መኪና የመስታወት መጥረጊያ ሲከፍት ክላክሱ ጮኸ። አለቃው «ዛሬስ ብልጭታ ጨልሟል» ብሎ አላገጠበት።

በሳምንቱ አጋማሽ፣ አንድ የተገጨ መኪና ሆድ ውስጥ አጎንብሶ ሳለ ከመንገድ በኩል የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ።

«እናንተ! መንገድ ልቀቁ እንጂ! ሞተር ሳይክል በእግረኛ መንገድ ላይ ይቆማል እንዴ?»

እናቱ ናቸው። ብልጭታ ቀና አለ። ከፊት ሚስቱ በትሯን እያወዛወዘች ትመጣለች፤ ከኋላዋ እሱ የገዛው ሳይሆን ያኛው፣ እጀታው የሚገለበጠው ጋሪ ይከተላታል። በጋሪው ውስጥ አንድ ከረጢት ድንች በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናቱ ባዶ እጃቸውን እያወናጨፉ በጎን በጎኗ ይሄዳሉ።

በትሯ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ነካ። ቆመች፣ በእግሯ አረጋገጠች፣ ወረደች፤ ጋሪውን አዙራ በቀስታ አወረደችው። ብልጭታ መተንፈስ ረሳ። ጋሪው ዘንበል ሲል አንዲት ድንች ወድቃ ተንከባለለችና ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ወደቀች!» ብለው ጮኹ እናቱ።

«ቀበቶ አላሰርንላትም፣ እማማ» አለች ኦፕሬተሯ። «ልጅ ቀበቶ ሳይታሰርላት አትወጣም።»

እናቱ ድንቿን አንስተው በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ልጃቸውን አዩት።

«ምን ያስደነግጥሃል? አንተንም ሁለት ዓይን እያለኝ ከአልጋ ጥዬሃለሁ።»

«እማዬ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ደወለችልኛ! ‹እማማ፣ ፈርተዋል አሉ። ፍርሃትዎን ይዘው ይምጡና አብረን እንውጣ› አለችኝ። ምን ልበላት? መጣሁ። ያንን ቤት የሚያህል ጋሪህንም ለውጠነዋል፣ አትፈልገው።» በርጩማ ስበው ተቀመጡና እግራቸውን ያሹ ጀመር። «ቃል ግባልኝ ያልኩህን መልሼ ወስጃለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፣ እሱን አልዋሽም።»

ብልጭታ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሚስቱን ወደ ጋራዡ ጥግ ወሰዳት። ከሩቅ ጄኔሬተር ይጮሃል። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

«ሃሎዬ… እኔ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ የተገጨ መኪና ስፈታ ነው የምውለው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሥር የሕፃን ጫማ አገኘሁ፣ ትንሽዬ። ልጁ ምን እንደሆነ ባለመኪናውን መጠየቅ ፈራሁ። ሳልጠይቀው ሄደ። አንቺ ከጸነስሽ ወዲህ ያ ጫማ ከዓይኔ አይጠፋም።»

በትሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረበችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርጉዝ ነሽ ብዬ።»

«እርጉዝ ነኝ እንጂ እንግዳ አይደለሁም።» እጁን ፈልጋ ያዘችው፤ የሞተር ዘይቱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «እኔስ የማልፈራ መሰለህ? ትኩሳት ሲይዛት ቶሎ ባላውቅስ፣ አንድ ነገር አንስታ አፏ ውስጥ ብትከትስ እያልኩ እፈራለሁ። ግን ፈርቼ ወደ አንተ እመጣለሁ። አንተ ፈርተህ ወደ እናትህ ሄድክ፤ በዚያ ላይ እኔን አስረህ ተመለስክ።»

«ተሳሳትኩ።»

«አልሰማሁም፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል።»

«ተሳሳትኩ!»

ጄኔሬተሩ ልክ በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ ስለነበር የጋራዡ ሰው ሁሉ ዞረ። አለቃው መፍቻውን ከፍ አድርጎ «ሰምተናል! ይቅር በይውና ወደ ሥራው ይመለስ» አለ። ኦፕሬተሯ ግንባሯን የብልጭታ ደረት ላይ አሳርፋ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ መልሶም ወደ ሳቅ። ብልጭታ በሁለት ክንዱ ይዟት ቆመ፤ ያ ድምፅ ተመልሶለታል።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። ከሆስፒታል ሲመለሱ ኦፕሬተሯ ከኋላ፣ ከሕፃኗ ወንበር ጎን ተቀመጠች። ብልጭታ እንዲህ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም፤ አንድ ሽማግሌ በብስክሌት አልፈዋቸው ሲሄዱ ዞር ብለው አዩት።

ሕፃኗ ጠንከር እስክትል ጠበቁ። አንድ ፀሐያማ ጠዋት ኦፕሬተሯ አለበሰቻት፣ ጋሪው ውስጥ አስተኝታ ቀበቶዋን አሰረችላት።

«ዛሬ እኔና ልጄ እስከ መናፈሻው ደርሰን እንመጣለን።»

«አብሬ—» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። «ደህና ሂዱ።»

የበትሯ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ብልጭታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። ያልቆሸሸ ሰሃን አጠበ። ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ናቸው።

«የት አለች?»

«ወጣች።»

«ከማን ጋር?»

«ከልጇ ጋር።»

በስልኩ ወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አንተስ?»

«ቤት ነኝ።»

«በል እንግዲህ ቁጭ በል» አሉት። ስልኩን ግን አልዘጉም፤ ሁለቱም ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለማይረባው ሁሉ እያወሩ ጠበቁ።

የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ብልጭታ «መጡ» ብሎ ዘጋው። ኦፕሬተሯ ከነጋሪዋ ገባች፤ ልጅቷን ፈትታ አቀፈቻት። ሁለቱም ንፋስ ንፋስ ይሸታሉ።

«ነቅታለች» አለች። «አሁን ምን ትመስላለች?»

ብልጭታ ጎንበስ አለ። «አንድ ዓይኗን ብቻ ነው የከፈተችው፤ ሌላው ገና አልተስማማም። ጉንጯ ቀልቷል። ግንባሯን ደግሞ ከሻጭ ጋር የተከራከረች አስመስላ ቋጥራለች።»

«እኔስ?»

ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ብልጭታ ቀና ብሎ አያት፤ አልቸኮለም።

«ፀጉርሽ ተበታትኗል። ጫማሽ ጭቃ ነክቷል። ደክሞሻል፣ ግን ፊትሽ ላይ የማላውቀው ነገር አለ።»

«የማታውቀው?»

«አዲስ ነው። ምን እንደምለው እንጃ።»

ልጅቷን በአንድ ክንዷ አመቻችታ ሌላውን እጇን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ቀረብ ብለህ እየው።»

ቀረበ።