ለጥሩሩ ያልተጠጋሁ ዕለት

እኔ በጂንና በመንፈስ ወሬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አሁንም እስቃለሁ፣ እመኑኝ። ግን የደረሰው በእኔው ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሸዋ ሮቢት በተከራየሁት ክፍል ውስጥ።

ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሥዕል መምህር ነኝ። ግድግዳዬ ላይ ከአሮጌ ካሌንደር የወሰድኩት የጃፓን ሥዕል አለ፣ እንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ፣ የሳሙራይ ጦረኛ ጥሩር ከነራስ ቁሩ ሣጥን ላይ እንደ ሰው ተቀምጦ፣ ውስጡ ግን ማንም የለም። አከራዬ ጋሼ ሙሄ፣ ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል የገባች ዕለት፣ ክፍሌ ሰፊ ስለሆነ ጎረቤቱ ለዱዓ እንዲሰበሰብበት ለመኑኝ።

"መምህር፣ ያችን ሥዕል ብቻ አንሣልን።"

"ባዶ የብረት ልብስ እኮ ነው ጋሼ፣ ሰው የለበትም" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"ሰው ከሌለበት ማን ተቀመጠ?" አሉና፣ "ይሁን፣ እንግዳ ነህ፣ አላስቀይምህም" ብለው ተዉት።

ሰዉ ሰሌን ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፣ እኔንም አክብረው መሀላቸው አስቀመጡኝ። ዱዓው ሞቅ ሲል ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የፍየል ቃጭል ነው ብዬ ናቅኩት። ቀጥሎ ገመድ ሲወጠር የሚሰማው ዓይነት ሲጥጥታ መጣ፣ ከጀርባዬ። ዞር ብዬ ሳይ፣ የሰፈሩን መሐላ ልዋስና ወላሂ፣ ሥዕሉ ላይ የቀረው ሣጥኑ ብቻ ነው።

እዚህ አገር ለዱዓ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቆሞ አይቀርም፣ ማን ነህ ሳይባል ይጠጉለታል። ጋሼ ሙሄ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ "ተጠጉ፣ ለእንግዳው ቦታ ስጡት" አሉ። ሁሉም ጉልበቱን እየሰበሰበ ተጠጋ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቅጭልታው አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ የዛገ ብረት ሸተተኝ። እኔ ግን አልተጠጋሁም፣ ጭራሽ ክርኔን ዘርግቼ ቦታውን ያዝኩበት። ድምፁ ትንሽ ጠበቀኝና ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ዱዓው ሲያበቃ ሥዕሉ እንደ ድሮው ነበር። ጋሼ ሙሄ ጠጋ ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ "መምህር፣ እንግዳው ቆሞ ሄደ እኮ" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሆስፒታል ስልክ እስኪደወል ድረስ፣ ልጅቷ ብትሞት በእኔ ነው እያልኩ በር ላይ ቆሜ ቆየሁ።

በሰላም ተገላገለች፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ፣ ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን አፍራለሁ። ሥዕሉን ለማንሣትም እጄ እምቢ አለኝ። ብቻዬን አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ዛሬም ወደ ጥግ እጠጋለሁ። ቅጭልታው አንዳንዴ ይመጣል፣ አጠገቤ ይቆማል፣ አይቀመጥም።