ለሌለ ሰው የተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ ጡምሶ የዕድሩን ጥሩምባ የሚወለውለው በጠዋት፣ ከጓሮው እንሰት ጥላ ስር ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ ሎሚና አመድ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ። ነሐሱ ሁልጊዜም የዝገትና የቆየ ትንፋሽ ሽታ አለው፤ እሱ ግን ለምዶታል። በጎልዶ ወረዳ ሰው ሲሞት ከስልክም ከደወልም ቀድሞ የሚሰማው የእሱ ጥሩምባ ነው፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ስም ይጠብቃል። ሰውዬው ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ሬሳ ሳይኖር ጥሩምባ አይነፋም። አለቀ።

የዚያን ቀን ግን ልቡ ጥሩምባው ላይ አልነበረም። አንድዬ ልጁ ወይንሸት ከንጋት ጀምሮ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ናት። ከዚህ በፊት ፅንስ ደጋግሞ ወርዶባታል፤ ይሄኛውም ከቀረባት እሷም አትተርፍልኝም ብሎ ፈርቷል። ምን ይደበቃል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው ያደረው። አዋላጇም "ጋሼ፣ እዚህ እየተንጎራደዱ አያስጨንቁኝ፤ ሲደርስ አስጠራዎታለሁ" ብላ ወደ ቤቱ መልሳዋለች።

ከወረዳው ባህልና ስፖርት ሰናይት የመጣችው ይሄኔ ነው። ያን ሰሞን የባህል ሳምንት ነበር፤ ሜዳው ላይ ገመድ ጉተታው፣ መረብ ኳሱ፣ የሸክላ ትርኢቱ፣ ምኑ ቅጡ።

"ጋሼ፣ ጥሩምባዎን ይዘው ይምጡልን" አለችው።

"ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም! ቅርስ ነው እኮ። ወጣቱ እንዴት እንደሚነፋ ይመልከት ብለን ነው።"

"ቅርስ አይደለም የኔ ልጅ፣ መርዶ ነው።"

"እኔ ልሙት፣ አንድ ጊዜ ብቻ!"

ሌላ ቀን ቢሆን እንቢ ብሎ ይሸኛት ነበር። ግን ብቻውን ተቀምጦ ከሚያብድ፣ ከሰው መሃል ቢሆን ይሻላል ብሎ ተነሣ።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሜዳውን ስትለበልብ፣ መድረክ ላይ አቆሙት። ነፋ። ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ኮረብታው ላይ ተጋጭቶ ሲመለስ፣ ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሳያስበው ዝም አለ፤ ሽማግሌዎቹም ከወንበራቸው ተነሡ። እዚያው ላይ ሊያቆም ነበር ሐሳቡ። ሰናይት ግን ማይክሮፎኑን አፉ ስር ደቀነችለት።

"ሙሉውን ጋሼ! እንደ እውነቱ!"

አፉ የለመደውን ቀጠለ። "ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አለና፣ ስሙ ላይ ሲደርስ ደነገጠ። የማንን ስም ይጥራ? ፊቱ የቆመው ሁሉ ስም አለው፣ እናት አለው። ስለዚህ በጎልዶ ምድር ማንም የማይጠራበትን፣ ትርጉም የሌለውን፣ ከምላሱ ጫፍ የመጣለትን አንድ ስም ፈጠረ።

"ሌንጋሞ! ሌንጋሞ አርፏል! ቀብሩ ዛሬ ነው!"

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። "ነፍስ ይማር ሌንጋሞ!" እያሉ ወጣቶቹ ተሳሳቁ። እሱም ብልህነቱ ደስ ብሎት ላቡን ጠረገ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ባዶ ስም ግን ምን ያመጣል ብሎ ነው።

ከመድረኩ ሲወርድ አንዲት የማያውቃት አሮጊት መንገዱ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃለች።

"የማን ልጅ ነው?" አለችው።

"ማን እማማ?"

"የሞተው።"

"የማንም አይደለም። ጨዋታ ነው።"

"የማንም ያልሆነ ሰው የለም" ብላ፣ ፊቱን እንደሚራሩለት ሰው በመዳፏ ዳሰሰችው። መዳፏ እርጥብ ነበር፤ አፈር አፈር ይሸታል።

የጠራው ሰው ባይኖርም ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከኋላው የሜዳው ከበሮ እየራቀ ሲሄድ ዘፈኑ ተሟጦ ምቱ ብቻ ቀረ፤ ያም ምት እየዘገመ፣ እየከበደ፣ የደረት ድቂያ እየመሰለ መጣ። ከባሕር ዛፉ መሃልም በየቀጭኑ መንገድ ሰዎች ይወርዳሉ። አንድም የሚያውቀው ፊት የለም። አይነጋገሩም፤ እግራቸው ቅጠሉን ሲረግጥ እንኳ አይንኮሻኮሽም።

መታጠፊያው ላይ የዕድሩ መቃብር አስቆፋሪ ማጃ፣ አካፋውን ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጣ። የልጅነት ጓደኛው ነው።

"ጨርሰናል" አለው ማጃ።

"ምኑን?"

"ጉድጓዱን ነዋ! አንተው አይደለህ ቆፍሩ ያልከን?"

"እኔ? ከሜዳው ንቅንቅ አላልኩም!"

ማጃ ሳቀበት። "አይ ጡምሶ፣ አረጀህ በቃ! እላያችን ላይ ቆመህ፣ 'አጠር አድርጉት፣ ክንድ ከስንዝር ይበቃዋል' ስትለን አልነበር?"

ጋሽ ጡምሶ ጉልበቱ የፈቀደለትን ያህል ሮጠ፤ ጥሩምባው በየእርምጃው ጎኑን እየመታው፣ "ማርልኝ፣ አፌን ማርልኝ፣ ምላሴን በቆረጥከው" እያለ ሮጠ።

ጤና ጣቢያው አጥር ስር የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የዕቃ ቤታቸው ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ማን አወጣቸው? ከባሕር ዛፉ የወረዱት ሰዎች ተቀምጠውባቸዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ማዋለጃው ክፍል አዙረዋል። እሱ ሲደርስ አንድ ላይ ተጠጋጉና ከመሃል ቦታ ለቀቁለት። ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚቀመጥባት ቦታ ናት፤ እሱ ያውቃታል። እያየ እንዳላየ አልፏቸው ገባ።

በሩን ሲነካ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ እልልታ! ለወንድ ልጅ የሚባለው፣ ረጅሙ እልልታ። አዋላጇ በሩን ከፍታ "እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለችው። ጋሽ ጡምሶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሕፃኑ ቀይ፣ ወፍራም፣ ጩኸቱ ጣሪያ የሚነቅል ነው። ወይንሸትም ላቧ ሳይደርቅ ትስቃለች። በመስኮቱ አሻግሮ አየ፤ ሰዎቹ አልሄዱም። ይቀመጡ! አለ በልቡ። እስኪሰለቻቸው ይቀመጡ፣ ሌንጋሞ የሚባል ሰው እንደሆነ በዚህ አገር አልተፈጠረም።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እናት" ብሎ ግንባሯን ሳማት።

"አባዬ፣ ደግሞ ሳትመጣ ቀርተህ አስጨነቅከኝ" አለችው፣ ልጁን ወደ እቅፉ እያስጠጋች። "ምጡ ጠንቶብኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ስትል ግን ድምፅህን ከሜዳው በኩል ሰማሁት፤ ሌላው ሌላው አልተሰማኝም፣ ስሙን ስትጠራው ብቻ፤ አባቴ ለልጄ ስም አወጣለት ብዬ ልቤ ተጽናና፤ ይኸው፣ ሌንጋሞ ብዬዋለሁ።"