የሥላሴ ዕለት ችግኝ

በደባርቅ ክረምት የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ የመጣ ወንድ አይወደድም። እኔ ሞኟ ወደድኩት።

ፀጋው ይባላል። በ2002 ክረምት እኔ በአንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ እሱን የሎጁ ኩባንያ «የማኅበራዊ ኃላፊነት አስተባባሪ» ብሎ ከአዲስ አበባ ላከው። መኪናው ዳባት ላይ ተበላሽቶበት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲገባ ሳቅሁበት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጫማህ።»

«አዲስ ነው እኮ።»

«ነበር።»

ጫማውን አየና እሱም ሳቀ። በቃ፣ ያን ዕለት አለቀልኝ፤ ወር ሳይሞላን ስለ ጋብቻ ማውራት ጀመርን።

ኩባንያው ዛፋችንን ቆርጦ ሎጁን ከሠራ በኋላ፣ ደን ላልብሳችሁ ብሎ ተነሣ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮፍያና ቲሸርት ታተመ። ባነሩማ ከችግኙ ቀድሞ ደረሰ። ቀኑንም ለፈረንጅ እንግዶች እንዲመች ዋናው መሥሪያ ቤት ቆረጠው፤ ሐምሌ ሰባት።

«ሥላሴ ነው እኮ» አልኩት። «በሥላሴ አፈር የሚቆፍር ገበሬ እዚህ አታገኝም።»

«አስለውጠዋለሁ።»

«አባቴም ከገበሬዎቹ ጋር ይመጣል። አንተ ደግሞ እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ ብለሃል።»

«ሰብሌ፣ አስለውጠዋለሁ አልኩሽ» ብሎ እጄን ያዘኝ። አመንኩት።

አለቃውን አቶ ዋሴን አንዴ እንኳ አልጠየቀም።

የሥላሴ ዕለት ገበሬዎቹ ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከሊማሊሞ በላይ ወዳለው ተዳፋት መጡ። እንግዳ ይከበራልና መጡ። ቁጭ አሉ፤ ዶማ የነካ ግን የለም። አቶ ዋሴ ስለ ልማት ለፈለፈ፣ ለፈለፈ። በመጨረሻ አንዲት ፈረንጅ ለምን እንደማይተክሉ ፀጋውን ጠየቀችው።

አለቃውን አየት አደረገ። ከዚያ ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «ትንሽ ሰነፎች ናቸው፤ እያስተማርናቸው ነው» አላት።

አባቴ አጠገቤ ነበር። «ምን አለ ልጄ?»

ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ነገርኩት። አልተቆጣም። ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኮሚቴው ምን ገዶት፣ ችግኙን ከነላስቲኩ መሬት ላይ አቁሞ ፎቶ ተነሣ።

ፀጋው ሎጁ በር ላይ አገኘኝ።

«ሥራዬን ላጣ ነበር እኮ። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«ለሁለታችን አትበል።»

«ሽማግሌዎቹ ተዘጋጅተዋል።»

«አትላክ።»

«አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ። ግን አባቴን ፊት ለፊቱ ሰነፍ ያልክ ሰው፣ ነገ አለቃህ ፊት እኔን ምን እንደምትለኝ አላውቅም።»

አቀረቀረ። ያን ጊዜ ከእኔ ጋር አባቴ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ እግዜር ያውቃል፣ አገባው ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን አየ። እንግዶቹ ለምሳ እየጠበቁት ነበር።

ኋላ አዲስ አበባ ሹመት ሰጡት አሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ወንበር አይጠፋም። ንቄዋለሁ፤ ከልቤ ንቄዋለሁ። የናቁት ሰው ከልብ ይወጣል ያሉኝ ግን ዋሽተውኛል።