ልጁ ተኝቶ ነበር

የተዋወቁት በውሸት ቁስል ነው።

እሷ የፊልም ሜካፕ ባለሙያ ናት። የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ያበጠ ዓይን፣ የተፈነከተ ግንባር ሲያስፈልግ ከሷ እጅ ነው የሚወጣው፤ የሥራ ጓደኞቿም ሊያሾፉባት «ወጌሻ» ይሏታል። አንድ ቀን ከሰዓት አዲስ የበልዝ ቀለም በራሷ ጉንጭ ላይ ሞክራ፣ ሳትታጠብ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከጎኗ የመሣሪያ ቦርሳውን እግሩ ሥር ያስቀመጠ ቁልፍ ሠሪ ነበር። አየት አደረጋት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ደግሞ አየት አደረጋት።

«ቤትሽ መግባት ፈርተሽ ከሆነ ቁልፉን እቀይርልሻለሁ» አላት በለሆሳስ። «ማንም አያውቅም።»

ሳቋ አመለጣት። በልዙን በመሐረብ ጠርጋ አሳየችው። ሌላ ሰው ቢሆን አብሯት ይስቅ ነበር፤ እሱ ግን ቀለም የነካውን መሐረብ ዝም ብሎ አየና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። መውረጃው ሲደርስም አልወረደም። እሷም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንዲወርድ አልፈለገችም።

ያ ዝምታው ከየት እንደመጣ የነገራት ከተቀራረቡ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አባቱ እናቱን ይደበድባቸው ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ስለነበር እሱ ጥግ ካለችው ፍራሽ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁ እንዳይወጣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ ይተኛል፤ የተኛ ይመስላል ማለት ነው። ሁልጊዜ። ሲነጋ የእናቱ ፊት ምን ይመስል እንደነበርም ነገራት። አባትየው ከሞተ ቆይቷል። እናቱ ግን ያ ዘመን በተነሳ ቁጥር፣ ደግነቱ ልጄ እንቅልፋም ነበር፣ አንድም ቀን አላየም ይላሉ።

«ከዚያ ቤት ይዛ የወጣችው መጽናኛ ይቺኑ ብቻ ነው» አላት። «አደራ።»

«አደራህን አልበላም» አለችው።

በላችው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ያን ሰሞን የምትሠራበት ፊልም ጨለማ የበዛበት፣ አእምሮ የሚያስጨንቅ ነበር፤ ደጅ ትሁት፣ ቤት ሲገባ አውሬ የሚሆን፣ ሚስቱን ቀስ በቀስ የሚያሳብድ ባል ታሪክ። ዳይሬክተሩ ዱላው እውነት እንዲመስል ፈለገ። «ተመልካቹ ቀለም ነው ብሎ እንዳይጽናና» አላት። እሷም ቁልፍ ሠሪው የነገራትን አስታውሳ በልዙን ሠራችው፤ ከጆሮ ግንድ ሥር የሚጀምር፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ የሄደ። ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከየት አመጣሽው ሲላት፣ ሙገሳ መቼም ምላስ ይፈታል፣ ስለ ፍራሹና ስለ ብርድ ልብሱም ነገረችው። ስም አልጠራሁ፣ ምን ችግር አለው ብላ ነው።

በቀረጻው ቀን ስትደርስ ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። አንድ ትንሽ ልጅ የብርድ ልብስ ጫፍ መንከስ ይለማመዳል። ይህን አውጡልኝ ማለት ትችል ነበር፤ አፍ አላት። ግን ትዕይንቱ ግሩም ሆነ፣ ግሩም በመሆኑም ደስ አላት። በኋላ ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ያ ደስታዋ ነው።

ፊልሙ ሊወጣ ሲቃረብ ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። በየግድግዳው የተለጠፈው ፖስተር «ልብ ድካም ያለበት እንዳይገባ» ይላል፤ እንዲህ ሲባል ጊዜ ጤነኛውም በሽተኛውም ትኬት ፍለጋ ተሰለፈ። የባሱት ግን የቁልፍ ሠሪው እናት ናቸው። ደም ሲያዩ የሚያዞራቸው ሴትዮ፣ የልጄ እጮኛ የሠራችው ነው እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ የሦስታቸውንም ትኬት ገዙ።

ወጌሻዋ ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ሄዳ ያደረገችውን ነገረችው። ቁልፍ እየቀረጸ ነበር፤ ማሽኑን አጠፋ።

«ልጁም አለበት?»

«አለበት።»

«ብርድ ልብሱም?»

«አዎ» አለችው። እሱም ማሽኑን መልሶ አስነሳና ሥራውን ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሳም።

እናትየውን ማስቀረት ዋጋ የለውም። እሳቸው ባይሄዱ እንኳ ወሬው በራቸውን አንኳኩቶ ይገባል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብላ ቤታቸው ሄደች። ለፊልሙ የሚለብሱትን ቀሚስ ጠርዝ ሲሰፉ አገኘቻቸው። ነይ እስቲ ልጄ፣ ዓይኔ እምቢ ብሏልና ክሩን አስገቢልኝ አሏት። አስገባችላቸው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ተናገረች። እንዴት እንደተናገረች አታስታውስም፤ መርፌው መቆሙን ብቻ ነው ያየችው።

«ነቅቶ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ስንቴ?»

«ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ።

«አንዴ ብቻ» አለች። «አንዴ ብቻ ነው ያለኝ።»

መርፌውን ቀሚሱ ላይ ሰኩት። ይመኗት አይመኗት አይታወቅም። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ፤ ልጃቸው ከሥራ መምጣቱ ነው። እሷን ሲያይ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ና እስቲ» አሉት እናቱ። «አባትህ ሲመታኝ ነቅተህ ታይ ነበር አሉ። እውነቱን ንገረኝ፣ ስንቴ ነው?»

ወጌሻዋ ምን ብላ እንደመለሰች ልትነግረው አትችልም፤ ዓይኑን ለማየት እንኳ ፈራች። እሱም ወደሷ አልዞረም። ቦርሳውን አስቀመጠና እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«አንዴ ብቻ፣ እማዬ» አለ። «ከዚያ በኋላማ እንቅልፌን ታውቂው የለ?»

እናትየው ራሱን ደባበሱት። አንዴስ ይሁን፣ አንዴስ ምን ይደረጋል እያሉ መርፌያቸውን አነሱ። ወጌሻዋ እንባዋ ሲያመልጣት ተነስታ ወጣች። እሱ ተከትሏት ወጣ።

«አንቺም አንዴ ነው ያልሻት?»

«አዎ። እንዴት አወቅክ?»

«አላወቅኩም» አላት። «ሌላ ምን ይባላል?»

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። እንደተቀየማት ፊቱ ይናገራል። ግን እጇን ያዘና እስከ ፌርማታው ድረስ ሸኛት፤ አውቶቡሱ ሲመጣም ቶሎ አለቀቃት።

ፊልሙን እናትየው መሀል ተቀምጠው ሦስቱም አብረው አዩት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ባልየው በሩን ከውስጥ ሲቀረቅር የሚንሾካሾከው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ካሜራውም ወደ ጥጉ፣ ወደ ፍራሹ ዞረ። ወጌሻዋ የእጇን ሥራ ማየት ስላቃታት እናትየውን አየች። አላለቀሱም፣ አልደነገጡም። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱና ሠላሳ ዓመት ያለፈውን፣ ጺሙ ያደገውን የልጃቸውን ዓይኖች በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ተኛ፣ ልጄ» አሉት።

እሱም እሺ ብሎ፣ ዱላው እስኪያልቅ አልተነቃነቀም።